ጋሽ በላይ የረሱት ላስቲክ

ሸዋ ሮቢት ተመድቤ የመጣሁት በግንቦት ነው። በዚያ ወር ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ የመኪናዬን በር በባዶ እጄ መክፈት አልችልም ነበር፤ ብረቱ ያቃጥላል። የጤና ጣቢያው መድኃኒት ክፍል ሠራተኛ ነኝ። መኪናዬ አሮጌ ቪትዝ ናት። ታላቅ ወንድሜ ለሰርጉ ያስቀመጠውን ጨምሮልኝ ነው የገዛኋት። ስለዚህ ሞተሯ ድምፁን ትንሽ በለወጠ ቁጥር ልቤ ድንግጥ ይላል።

ለድንጋጤዬ ምክንያት ነበረኝ። ወደ ሮቢት ከመምጣቴ በፊት መንገድ ዳር ካለ አንድ ሱቅ የሞተር ዘይት አስቀይሬ ነበር። ጋሎኑ አዲስ ነው፣ ክዳኑ የታሸገ ይመስላል፣ ዋጋውም ከሌላው ቀነስ ያለ ነው። በሦስተኛው ሳምንት የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዤ ሳየው ዘይቱ እንደ ውሃ ቀጥኖ እንደ ጥላሸት ጠቁሯል። አንድ ሾፌር ጠብታዋን በሁለት ጣቱ አሻሽቶ አሸተታት። "ይሄ የተቃጠለ ዘይት ነው። አጣርተው አዲስ ጋሎን ውስጥ ይሞሉታል። ቶሎ አስወጣው፤ አለዚያ ሞተርህን ትቀብራለህ" አለኝ። ከዚያ ወዲህ ጧት ጧት ሳስነሳት ሞተሯ ለጥቂት ሰከንድ ያንኳኳል።

ሮቢት እንደገባሁ የሚታመን ዘይት ቀያሪ ፍለጋ ጀመርኩ። መጀመሪያ የሄድኩት ዋናው አስፋልት ዳር ወዳለ ሱቅ ነበር። ጋሎኖቹ ከላይ እስከ ታች ተደርድረው ያብረቀርቃሉ። አንዱን አንስቼ ክዳኑን ነካ ባደርገው በቀላሉ ዞረ። "ይሄ ተከፍቷል እንዴ?" ስለው ባለሱቁ ጋሎኑን ከእጄ ቀማኝ።

"ካላመንከኝ ሂድ!"

ሄድኩ። ሁለተኛው ጋራዥ ዋጋው ጥሩ ነበር። ነገር ግን ባለቤቱ "ቁልፉን ትተህልን ሂድና ከምሳ በኋላ ና" አለኝ። ቆሜ ማየት እፈልጋለሁ ስለው "እኛ ሰው ቆሞብን አንሠራም" ብሎ ፊቱን አዞረ። እንዲህ ስል ሁለት ሳምንት አለፈ። የጧቱ ድምፅ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየረዘመ መጣ።

በመጨረሻ አብራኝ የምትሠራው ነርስ ሂዳያ "ጋሽ በላይ ጋ ለምን አትሄድም?" አለችኝ። "ዋጋቸው አይጎዳም፤ ዘይቱንም ዓይንህ እያየ ነው የሚከፍቱት። ብቻ ቀርፋፋ ናቸው፤ ትዕግሥት ይዘህ ሂድ።"

ሐሙስ ዕለት አስፈቅጄ ሄድኩ።

የጋሽ በላይ ጋራዥ ጋራዥ ለመባል አጥር እንኳ የለውም። ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ፣ በድሩ ከሚባል ሰው የጎማ መጠገኛ ጎን፣ አንድ ትልቅ የኒም ዛፍ አለ። ከዛፉ ሥር በድንጋይ የተገነባ ጉድጓድ ተቆፍሯል፤ መኪናው ከላይ ይቆማል፣ እሳቸው ከታች ይገባሉ። ስድሳ ሁለት ዓመታቸው ነው። ረጅምና ቀጭን፣ ንግግራቸው ዝግ ያለ። ስደርስ አንድ ሰውዬ ባዶ ጋሎኖቻቸውን እንዲሸጡለት እየተከራከራቸው ነበር። እሳቸው ባዶውን ጋሎን መሬት ላይ አጋድመው በትልቅ ምስማር ሁለት ቦታ በሱት።

"አሁን ውሰደው፤ በነጻ" አሉት። ሰውዬው ተሳድቦ ሄደ።

ገና ሳላናግራቸው አመንኳቸው ማለት ይቻላል።

ከእኔ በፊት አንድ ሚኒባስ ጉድጓዱ ላይ ቆሟል። ባለቤቷ ፋዲላ ትባላለች፤ ከሮቢት ማጀቴ ሰው እየጫነች የምትሠራ፣ በዚያ መስመር ላይ ስትነዳ ያየኋት ብቸኛ ሴት ናት። ዕድሜዋ ወደ አርባ ይጠጋል። ያን ቀን ግን ሥራ ላይ አልነበረችም። እናቷን እትዬ ዓይሻን ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ልታደርስ ነው። እትዬ ዓይሻ ከዛፉ ሥር ዱካ ላይ ተቀምጠዋል። እግሮቻቸው አብጠዋል፤ ሁለት ቃል ተናግረው ያርፋሉ። ለልብ ምርመራ ሦስት ወር የጠበቁት ቀጠሮ ያን ዕለት ስምንት ሰዓት ላይ ነበር።

ፋዲላ ሰዓቷን ደጋግማ ታያለች። "ጋሽ በላይ፣ አራት ሰዓት ሊሆን ነው እኮ!"

"ደረስኩ፣ ደረስኩ" ይላሉ ከጉድጓዱ ውስጥ።

የዘይት ማጣሪያውን፣ ፊልትሮውን፣ ቀየሩ፤ ዘይቱን እሷ እያየች ከፍተው ሞሉ፤ ሞተሩን አስነስተው ከሥር ገብተው ተመለከቱ። ጠብታ የለም። ፋዲላ እናቷን ደግፋ አስገባች፤ ሁለት ሴት ዘመዶቿም ከኋላ ገቡ። መሪውን ከያዘች በኋላ በመስኮት ብቅ አለች።

"ጋሽ በላይ፣ ይህቺ መኪና የጣርማ በርን ዳገት ወጥታ አታውቅም። ያለ ሐሳብ ልውጣው?"

"ውጪው። ሞተሩ ጤነኛ ነው" አሏት።

ሄደች። የእኔ ተራ ደረሰ ብዬ ቁልፌን አወጣሁ። ጋሽ በላይ ግን አንዱን ሥራ ሳያጸዱ ሌላውን አይጀምሩም። እጃቸውን ታጠቡ፣ ውሃ ጠጡ፣ ከበድሩ ጋር ትንሽ አወሩ፣ መሣሪያዎቻቸውን አንድ በአንድ ጠረጉ። ከሚኒባሱ የወጣውን አሮጌ ፊልትሮ ያነሱት በመጨረሻ ነው። የቀረውን ዘይት ወደ በርሜሉ ሊያንጠፈጥፉ ሲገለብጡት አውራ ጣታቸው በፊልትሮው አፍ ዙሪያ ዞረ። ቆመ። እንደገና ዞረ።

"ምነው?" አላቸው በድሩ።

ጋሽ በላይ በርከክ ብለው የተቃጠለው ዘይት ወደ ተጠራቀመበት ሳፋ ቀኝ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ከተቱ። ከታች እየዳሰሱ ፈለጉ። ከዚያ ጉድጓዱ ውስጥ ገብተው ወለሉን በመዳፋቸው ጠረጉ። ሲወጡ ፊታቸው ዐመድ መስሏል።

ነገሩ የገባኝ በኋላ ሲያስረዱኝ ነው። ፊልትሮው ከሞተሩ ጋር በሚገጥምበት አፉ ላይ ቀለበት የመሰለ ላስቲክ አለ። አሮጌው ፊልትሮ ሲፈታ ላስቲኩም አብሮት መውጣት አለበት። የፋዲላ ፊልትሮ ያለ ላስቲክ ነው የወጣው። ላስቲኩ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ቀርቷል፤ አዲሱ ፊልትሮ የራሱን ላስቲክ ይዞ በላዩ ላይ ታስሯል። ሁለት ላስቲክ ተደራርቦ አይይዝም። ሞተሩ ሲጨነቅ የዘይቱ ግፊት በመሐከላቸው ሰንጥቆ ይወጣል።

"አስነስተው አይተውት የለም እንዴ?" አለ በድሩ። "ጠብታ አልነበረውም እኮ።"

"ቆሞ ነዋ። ሜዳውንም ይዞ ይሄድ ይሆናል። ዳገቱ ላይ ነው የሚተፋው።"

በድሩ ወደ እኔ ገልመጥ አድርጎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ጋሽ በላይ፣ ላስቲኩ እዚሁ አፈር ውስጥ ወድቆም ሊሆን ይችላል። ደግሞስ ቢያፈስ? አሮጌ መኪና ነው፤ የማያፈስ ነገር የለውም። እርስዎ ካላወሩት በእርስዎ የሚያመካኝ የለም። ሠላሳ አንድ ዓመት ያቆዩትን ስም በገዛ አፍዎ—"

"ዓይሻ መኪናዋ ውስጥ ናት" አሉ ጋሽ በላይ።

ስልካቸውን አውጥተው ከፊታቸው አራቁት፣ አቀረቡት፣ ከዚያ ለእኔ ሰጡኝ። "ፋዲላ የሚለውን ፈልግልኝ።" ደወልኩ። ይጠራል፤ አይነሳም። ደግሜ ደወልኩ። ይጠራል። በሦስተኛው መስመሩ ጭራሽ ተቋረጠ። ስትነዳ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ከኋላ እንደምታስቀምጥ በድሩ ያኔ ነገረን።

"ስንት ደቂቃ ሆናት?"

"ሠላሳ አምስት" አልኩ።

ጋሽ በላይ ዙሪያውን ተመለከቱ። ጥላው ሥር የነበረችው መኪና የእኔ ብቻ ናት።

"ነዳጅ አላት?"

"አላት። ግን ዘይቷ..." ነገርኳቸው። የተቃጠለውን ዘይት፣ የጧቱን ድምፅ፣ ሁሉንም። የወንድሜ ሰርግ ፊቴ ላይ ድቅን አለብኝ። እሳቸው ኮፈኑን ከፍተው ዘንጉን መዘዙ፤ ዘይቱን አሻሹት፣ አሸተቱት።

"መጥፎ ነው። አልዋሽህም። እስከ ደብረ ሲና ግን ታደርሰናለች። ሙቀቷን እያየህ ንዳ፤ መርፌው ከመሐል ካለፈ ትቆማለህ። እምቢ ብትለኝም አልቀየምህም፤ የሰው ንብረት ነው።"

እምቢ ማለት ፈልጌ ነበር። እውነቱ ይኼ ነው። እትዬ ዓይሻ ሁለት ቃል ተናግረው ሲያርፉ ባላይ ኖሮ እምቢ እል ነበር። በሩን ከፈትኩላቸው። ሁለት ያልተከፈተ ጋሎን፣ አንድ አዲስ ፊልትሮ፣ የመፍቻ ከረጢታቸውንና ጨርቅ ይዘው ገቡ።

ከሮቢት ወደ ደብረ ሲና ያለው መንገድ መጀመሪያ ሜዳ ነው። ማሽላው ገና አልበቀለም፤ የሽንኩርት ማሳዎች ብቻ በመስኖ ለምልመዋል። ሙቀቱ ከአስፋልቱ ላይ እየተነሣ የፊታችንን መኪናዎች ያወዛውዛቸዋል። ግመሎች መንገድ ሲያቋርጡ ቆምን። ጋሽ በላይ ጭንቅላታቸውን በመስኮት አውጥተው መንገዱን ያያሉ።

"የቀኙን ጠርዝ ተመልከትልኝ" አሉኝ። "ጠብታ ካየህ ንገረኝ።"

"እርስዎ አይታይዎትም?"

"የግራ ዓይኔ ካለፈው መስከረም ጀምሮ ጉም ለብሷል። ቀኙም እየተከተለው ነው። ለአበራሽም አልነገርኳት።" አበራሽ ሚስታቸው ናቸው። "እጄ ያውቀዋል እያልኩ ነው የሠራሁት። በፊት ፊልትሮ ከማሰሬ በፊት መቀመጫውን ጠርጌ አየው ነበር። ዛሬም ጠርጌዋለሁ፤ ላስቲኩም ጥቁር፣ ዘይቱም ጥቁር፣ አልለየሁትም። ጣቴን ብሰድ ኖሮ አገኘው ነበር። አልሰደድኩም። አጣደፈችኝ ልል አልችልም፤ ሁሉም ሰው ነው የሚያጣድፈኝ።"

አርማንያ ስንደርስ ማንጎ ከምትሸጥ ሴት አጠገብ አቆምኩ። ሴት የምትነዳው ሚኒባስ አልፎ እንደሆነ ጠየቅኳት።

"አዎ፣ አልፋለች። ሩብ ሰዓት ቢሆናት ነው።"

እናቷን እያሳረፈች ቀስ ብላ ነው የምትሄደው ማለት ነው። ደስ አለኝ፤ ጋሽ በላይ ግን ደስ አላላቸውም። "ከዚህ በኋላ ነው ዳገቱ" አሉ።

የመጀመሪያዋን ጠብታ ያየሁት ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል እንደወጣን ነው። አቆምኩ። ጋሽ በላይ ወርደው ተንበረከኩ፤ ጣታቸውን ነክረው አሸተቱ። "ይሄ የከባድ መኪና ነው፤ የቆየ ነው።" ተመለሱ። ሌላ አየሁ፤ አሁንም ወረዱ። ይኼኛው ጥቁር አልነበረም። ወርቃማ ነው፣ እንደ ማር። ፀሐይ ላይ ያበራል። ጣታቸው ላይ አድርገው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። መኪናው ውስጥ ገብተው በሩን ዘጉት።

"የእሷ ነው?"

"ዛሬ ጧት እኔ የሞላሁት ነው። ንዳ።"

ከዚያ በኋላ መቆም አላስፈለገም። ጠብታዎቹ በየሃያ እርምጃው፣ ከዚያ በየአምስት እርምጃው ሆኑ። ከአንድ ኩርባ በኋላ ተያይዘው ቀጭን መስመር ሆኑ። መስመሩ በአንድ በኩል ተራራው፣ በሌላ በኩል ገደሉ ባለበት ወደ ላይ እየተጠማዘዘ ይወጣል። የመኪናዬ የሙቀት መርፌ መሐል ላይ ደርሷል። ከፊቴ ብረት የጫነ ተሳቢ እያቃሰተ ይወጣል፤ ማለፍ አልችልም። ጡሩምባ ብነፋ ማን ይሰማኛል?

"ሞተሩ ዘይት ካለቀበት ምን ይሆናል?" አልኳቸው።

"ብረት ብረትን ይበላል። ከዚያ ይነክሳል፤ አንዴ ከነከሰ አይዞርም። ዳገት ላይ ድንገት ከነከሰ..." አልጨረሱትም። መሪ ይከብዳል፣ ፍሬን ይደነድናል፣ መኪና ወደ ኋላ ይሄዳል። እሱን ለማወቅ መካኒክ መሆን አያስፈልግም። ያ የዘይት መስመር ገደሉ አፍ ላይ ሲያበቃ እየታየኝ ነበር።

ተሳቢው መታጠፊያ ላይ ጠርዝ ሲይዝልኝ አለፍኩት። ቀጥሎ ባለው ኩርባ ላይ ሚኒባሱን አየነው።

ቆሟል። ከኋላ ጎማዎቹ ሥር ትልልቅ ድንጋይ ገብቷል። ሁለቱ ዘመዶች የመንገዱ ዳር ላይ ተቀምጠዋል። እትዬ ዓይሻ አንድ የግራር ጥላ ሥር ነጠላ አንጥፈውላቸው ጋደም ብለዋል። ፋዲላ መሐል አስፋልት ላይ ቆማ የሚመጡ መኪናዎችን በሻርፕ ወደ ዳር ትመራለች። ሞተሩ ሥር ወርቃማ ኩሬ ተኝቷል።

ጋሽ በላይ መኪናዬ ሳትቆም በሩን ከፈቱ።

"ጋሽ በላይ?" አለች ፋዲላ፤ ዓይኗን አላመነችም። "አላህ ነው ያመጣዎት! ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ቀዩ መብራት በራ—"

"እንደበራ አጠፋሽው?"

"የት ላጥፋው? ኋላዬ ተሳቢ፣ ጎኔ ገደል። ሁለት ኩርባ ሄጄ ነው የቆምኩት። ሞተሩ ማንኳኳት ጀምሮ ነበር።"

"ፋዲላ" አሉ። ኮፍያቸውን አውልቀዋል። "እኔ ነኝ። አሮጌው ላስቲክ ሞተሩ ላይ ቀርቶብኝ አዲሱን በላዩ አስሬዋለሁ። ዓይኔ አላየውም። ያወቅኩት ከሄድሽ በኋላ ነው።"

የፋዲላ ድምፅ ከተራራው አስተጋባ።

"ጠይቄዎት ነበር! 'ልውጣው ወይ?' ብዬ ጠይቄዎት ነበር!"

"ጠይቀሽኛል።"

"'ውጪው' አሉኝ!"

"አልኩሽ።"

"እናቴን ይዤ ነው እኮ! ፍሬኑ እምቢ ቢለኝስ? እዚያ ኩርባ ላይ ቢሆንስ?" ወደ ገደሉ ጠቆመች። "ሰው ሁሉ ዘይት ሲሰርቅ፣ ፊልትሮ ሳይቀይር ቀየርኩ ሲል፣ እኔ እርስዎን አምኜ ነው የመጣሁት። ስድስት ዓመት!"

ጋሽ በላይ የመፍቻ ከረጢታቸውን ከቪትዟ አወረዱ።

"ፋዲላ" አሉ እትዬ ዓይሻ ከተጋደሙበት። ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። "ቁጣውን... አቆዪው። ሰውየው... ይሥራ።"

"እኔ በቪትዟ ላድርሳቸው" አልኩ። ሰዓቱ አምስት ተኩል አልፏል።

ጋሽ በላይ ወዲያው ዞሩብኝ። "አይሆንም! በዚያ ዘይት እሳቸውን ጭነህ ጣርማ በርን አትወጣም። አንድ ጥፋት ይበቃናል።"

ስለዚህ ሁሉም ነገር ያ ሞተር በመዳኑና ባለመዳኑ ላይ ቀረ። ጋሽ በላይ ካርቶን አንጥፈው ከሥር ገቡ። ፊልትሮው ግሎ ነበርና ጨርቁን ጠምጥመው ሲፈቱት እንኳ መዳፋቸው ተቃጠለ፤ ጥርሳቸውን ነክሰው ሲያጉረመርሙ ሰማኋቸው። አዲሱ ፊልትሮ ከነላስቲኩ ወጣ። ከዚያ ሌላ ጥቁር ቀለበት በጥፍራቸው ልጠው አወጡ። ወደ ውጭ ወርውረውት ከፋዲላ እግር ሥር ወደቀ። አንስታ አየችው፤ አንድ ቦታ ላይ ተቆርጧል።

"አንተ ልጅ፣ ግባ!" ብለው ጠሩኝ። በሆዴ ተሳብኩ። ፊቴ ላይ ዘይት ተንጠባጠበ። "መቀመጫውን እይልኝ። ዓይንህን ብቻ አትመን፣ በጣትህ ዙርበት። የቀረ ነገር አለ?"

ብረቱ እየፈጀኝ ዙሪያውን ዳሰስኩ። "ምንም የለም። ልሙጥ ነው።"

"አንዴ ድገመው።"

ደገምኩት። ያመጡትን ፊልትሮ ካሰሩ በኋላ ዘይቱን ከመሙላታቸው በፊት ከሞተሩ ፊት ባለው ትልቅ ብሎን ላይ መፍቻ አስገብተው ሞተሩን በእጅ ሊያዞሩት ሞከሩ። ከነከሰ አይዞርም። ፋዲላ አጠገባቸው ተንበርክካ ነበር። መፍቻው መጀመሪያ አልተንቀሳቀሰም። ጋሽ በላይ እግራቸውን ድንጋይ ላይ አስደግፈው እንደገና ገፉት፤ የአንገታቸው ሥር ተገታተረ። ከዚያ በዝግታ ዞረ።

"አልሐምዱሊላህ" አለች ፋዲላ፤ ለራሷ ነው እንጂ ለእሳቸው አልነበረም።

ሁለቱን ጋሎን እሷ ራሷ ከፍታ ሞላች። ቁልፉን ስታዞር ቀዩ መብራት በርቶ ቆየ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብዬ በሆዴ ቆጠርኩ፤ አምስት ላይ ስደርስ ጠፋ። ጋሽ በላይ ረጅም ካቻቢቴ ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቦታ እየቀያየሩ አዳመጡ። በአጠገባችን የሚያልፈው ተሳቢ እስኪርቅ ጠብቀው ደግመው አዳመጡ።

"እሺ?" አለች ፋዲላ።

"ድምፁ ንጹሕ ነው። አልተነካም ብዬ ግን አልምልልሽም፤ ሆዱን ከፍቼ አላየሁትም። ዛሬ ትወጣለች። ነገም ሆነ ከነገ ወዲያ ችግር ካመጣች ከራሴ ኪስ እሠራታለሁ፤ እነዚህ ሰዎች ምስክር ናቸው።"

"ዛሬ ትወጣለች?"

"ትወጣለች። እኔም አብሬሽ እወጣለሁ።"

ፋዲላ በጣቷ የፊት ወንበሩን አሳየቻቸው፤ ከሥሩ ሞተሩ ያለበትን፣ የሚያቃጥለውን። ያለ ቃል ገቡና ተቀመጡ። እኔን ተመለስ አሉኝ። እኔ ግን ደብረ ሲና ድረስ ከኋላ ተከትያቸው፣ አስፋልቱ ላይ ጠብታ እንደሌለ አይቼ ተመለስኩ። ቁልቁለቱን ሙሉ መርፌዋን እያየሁ ነው የወረድኩት።

የቀረውን የነገሩኝ ጋሽ በላይ ናቸው። ከደብረ ሲና እስከ ጣርማ በር የመኪና ዋሻ ድረስ ፋዲላን ሦስት ቦታ አስቆመዋት ከሥር ገብተው አዩ። ጣርማ በር ላይ ጉም ወርዶ ነበር። እሳቸው የሮቢትን ሙቀት አስበው በአንዲት ስስ ሸሚዝ ነው የወጡት፤ ጥርሳቸው ሲንገጫገጭ እትዬ ዓይሻ ከኋላ የራሳቸውን ጋቢ ወረወሩላቸው። ሆስፒታሉ በር ላይ ሲደርሱ ስምንት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ቀርቶት ነበር። እትዬ ዓይሻ ታዩ፤ መድኃኒትም ታዘዘላቸው። ዛሬ ከእኔ መስኮት ነው የሚወስዱት። ፋዲላ በዚያው ግቢ ጥላ ሥር ጋሽ በላይን "ዓይንዎን ሳያሳዩ ከዚህ አገር አይመለሱም" አለቻቸው። ንግግሯ የርኅራኄ አልነበረም። ሐኪሙ ሁለቱም ዓይናቸው ላይ ሞራ እንዳለና በቀዶ ጥገና እንደሚነሳ ነገራቸው።

በማግስቱ መኪናዬን ይዤ ሄድኩ። ዛፉ ሥር ተቀምጠዋል፤ የተቃጠለው መዳፋቸው ታስሯል። "እኔ አልሠራልህም" አሉኝ። "ከፈለግህ አንተ ሥራው፣ እኔ እነግርሃለሁ።" ጉድጓዱ ውስጥ ገባሁ። የማፍሰሻውን ብሎን የቱ ጋ እንደሆነ፣ ስንት ዙር እንደሚታሰር፣ ፊልትሮውን በእጅ ብቻ እንጂ በመፍቻ እንደማያስሩት ከላይ ሆነው ነገሩኝ። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ። ከውስጧ የወጣው ዘይት ውሃ ነበር። በነጋታው ጧት ሳስነሳት ድምፁ ቀንሷል፤ በሳምንቱ ጠፋ።

ጋሽ በላይ ታሪኩን ለሚመጣው ሰው ሁሉ ራሳቸው ነው የሚናገሩት። "ኧረ ይተዉ፣ እርስዎ ሰው" እያለ በድሩ ቢቆጣቸውም አልተዉም። ግማሹ ደንበኛ ጥሏቸው ሄደ። አንዳንዱ "አርጅተዋል፣ ያርፉ" አለ። አንዳንዱ ደግሞ ከንፈሩን መጦ መኪናውን ወደ አስፋልቱ ዳር ሱቅ ወሰደ። ለዓይናቸው ሕክምና ደብረ ብርሃን ሲሄዱ ዛፉ ሥር ለአንድ ወር ያህል ማንም አልነበረም፤ የበድሩ ፍየሎች ተኙበት።

ፋዲላ እስከ ጥቅምት አልመጣችም። ሚኒባሷ ግን ያለ ችግር ማጀቴ ትመላለስ ነበር፤ አንድ ጊዜ ዘይቱን ሌላ ቦታ እንዳስቀየረች ሰምቻለሁ። አንድ ቅዳሜ የራሴን ዘይት ላስቀይር ሄጄ ተራ ስጠብቅ መጥታ ጉድጓዱ አጠገብ አቆመች። ጋሽ በላይ ወፍራም መነጽር አድርገዋል። ተነሥተው ቆሙ።

"ዓይንዎ እንዴት ሆነ?" አለቻቸው ከመኪናዋ ሳትወርድ።

"የሩቁን አያለሁ። የቅርቡን በመነጽር ነው።"

"ዘይት ላስቀይር የሄድኩበት ቦታ 'ቆመሽ ማየት አይቻልም' አሉኝ" አለች። ሞተሩን አጥፍታ በሩን ከፈተች። "ዛሬ ከታች አብሬዎት እገባለሁ። ላስቲኩን እኔ ነኝ የማወጣው።"

"ልብስሽ ይበላሻል።"

"ይበላሽ።"

ሻርፗን አጥብቃ አሰረችና እሳቸውን ቀድማ ደረጃውን ወረደች። ከላይ ሆኜ ድምፃቸውን ብቻ እሰማ ነበር፤ እሷ "ያንን መፍቻ አይደለም" ስትል፣ እሳቸው "ሠላሳ አንድ ዓመት በዚህ ነው የፈታሁት" ሲሉ፣ እሷ መልሳ ስትከራከር። ተራዬ እስኪደርስ ብዙ ጠበቅኩ።